ከሆይማ እስከ ታንጋ፦ ክርክሩ ስለ ቧንቧው ነው ወይስ ስለ ውሉ?

የካምፓላው (ርዕሱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ካምፓላ ከአገር ልጆች ጋር በተገናኘን ቁጥር ጨዋታው ዞሮ ዞሮ የዩጋንዳ ድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ላይ ያርፋል። ግማሹ «አፍሪካ በሀብቷ እንዳትጠቀም የተሸረበ ተንኮል ነው» ብሎ ተቃዋሚዎቹን ያወግዛል፤ ግማሹ «የቪክቶሪያን ሐይቅ የሚያጠፋ ሥራ ነው» ብሎ ቧንቧውን ያወግዛል። ስለ ውሉ የሚናገር ግን አላገኘሁም። ማን ስንት ይከፈላል? ማን መቼ ተከፈለ? ቫልቩ (የቧንቧው መዝጊያ) በማን እጅ ነው? እኔን የሚያንገበግቡኝ እነዚህ ናቸው።

ጉዳዩን ላልተከታተላችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፦ በ2006 በአልበርት ሐይቅ ዳርቻ ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ ተገኘ። ከምድር በታች አለ ከሚባለው 6.5 ቢሊዮን በርሜል ውስጥ ሊወጣ የሚችለው 1.4 ቢሊዮን ያህሉ ነው። ዩጋንዳ ባሕር የላትም። መጀመሪያ በኬንያ በኩል መውጣት ታስቦ ነበር፤ በ2016 ግን ፊቷን ወደ ታንዛኒያ አዞረች። ቧንቧው ሆይማ ካለው ካባሌ ተነሥቶ 1,443 ኪሎ ሜትር ይጓዝና ታንጋ አጠገብ ቾንጎሊያኒ ላይ ከባሕር ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ ዩጋንዳ ያለው 296 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የፈረንሳዩ ቶታል ኢነርጂስ 62 በመቶ ድርሻ አለው፤ የዩጋንዳና የታንዛኒያ መንግሥታት ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው 15 በመቶ፣ የቻይናው ሲኖክ 8 በመቶ ይዘዋል።

አቋሜን ልናገር። ቧንቧው መሠራቱን እደግፋለሁ። ገንዘቡ ሆስፒታልና መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ዩጋንዳን «ነዳጅሽን ቅበሪው» የማለት መብት ያለው አገር አላይም። ነገር ግን ቧንቧው በሚያልፍበት መሬት ላይ 13,000 ገደማ ባለይዞታዎች ነበሩ። መሬታቸው ተለካ፣ ቡናቸውና ሙዛቸው ተቆጠረ፣ ከዚያ በኋላ ቋሚ ተክል እንዳይተክሉ ተነገራቸው። ካሳው ለብዙዎቹ የደረሰው ከዓመታት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት የመሬት ዋጋ ጨምሯል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተዋል። ልማትን የሚደግፍ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊቆጣበት የሚገባው ይህ ይመስለኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

---

መካኒካል_08

ሙያዬ ስለሆነ ከብረቱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚያ ነውና። የዩጋንዳ ድፍድፍ ሰም ይበዛበታል። በተለመደው የአየር ሙቀት አይፈስም፣ ይረጋል። ስለዚህ ቧንቧው ከጫፍ እስከ ጫፍ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት መያዝ አለበት። ይህን ያህል ርዝመት ያለው የሚሞቅ የድፍድፍ ቧንቧ በዓለም ላይ ሌላ የለም። ስፋቱ 24 ኢንች ሲሆን ሙቀት በሚከላከል አረፋ ተሸፍኖ ይቀበራል፤ በጎኑ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገመድ አብሮት ይሄዳል። ፓምፕ ጣቢያዎቹ ስድስት ናቸው፤ ሁለቱ ዩጋንዳ፣ አራቱ ታንዛኒያ።

ይህን የምነግራችሁ ለአድናቆት ብዬ አይደለም። የሚሞቅ ቧንቧ እንደ ውኃ ቧንቧ ዘግተውት የሚሄዱበት ነገር አይደለም። ኃይል ተቋርጦ ሲቆይ ውስጡ ያለው ይረጋል፤ የረጋውን እንደገና ማስነሣት ደግሞ ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ የሚበላ ሥራ ነው። ሰላምና አስተማማኝ ኃይል ሳይኖር የሚሠራ ማሽን አይደለም ማለቴ ነው።

---

ጠያቂ

መካኒካል፣ ታዲያ ለምን በቦቴ አያጓጉዙትም? ካሳም ጭቅጭቅም ይቀር ነበር።

---

መካኒካል_08

ወንድሜ፣ አብረን እናስላው። ቧንቧው በሙሉ አቅሙ በቀን 246,000 በርሜል ያስተላልፋል። አንድ በርሜል 159 ሊትር ያህል ነው። አንድ ትልቅ ቦቴ 45,000 ሊትር ይጭናል ብንል በየቀኑ 870 ገደማ ቦቴ መነሣት አለበት። ለዚያውም የሚሞቁ ቦቴዎች። ደርሰው ባዶ የሚመለሱትን ጨምሩበት። ኬንያ የቱርካናን ድፍድፍ በመኪና ወደ ሞምባሳ አመላልሳ ሞክራዋለች፤ የመጀመሪያው መርከብ በ2019 ተጫነ፣ በ2020 ሥራው ቆመ። በቀን 2,000 በርሜል ገደማ ነበር።

---

የጋላፊ_መንገደኛ

የቦቴ ሾፌር ነኝ፤ በጅቡቲ መስመር ላይ ያረጀሁ። ቦቴ ይሻላል ለሚለው ልጅ መልስ መስጠት ፈለግሁ። በዚያ መንገድ የተገለበጠ ቦቴ አይቻለሁ፤ የሚፈሰውን ነዳጅ በጀሪካን ሊቀዳ የሚሮጥ ሰው አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውንም አይቻለሁ። መጻፍ አልፈልግም። ነዳጅ በሰዎች መካከል በጎማ ከሚሄድ ከመሬት በታች ቢሄድ እመርጣለሁ፤ እንጀራዬ ቢቀንስም።

---

አረንጓዴ_ተስፋ

ጋሼ፣ ስለ ጽሑፍዎ አመሰግናለሁ። እርስዎ ያዩትን ማንም ሊያቃልለው አይችልም። ግን ምርጫው ቦቴ ወይስ ቧንቧ የሚሆነው ነዳጁ የግድ መውጣት አለበት ብለን ከተነሣን ብቻ ነው። እኔ ከዚያ አልነሣም።

የሚያሳስበኝን ልዘርዝር። ጉድጓዶቹ ከሚቆፈሩባቸው ቦታዎች ጥቂቶቹ መርቺሰን ፏፏቴ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ናቸው፤ ዝሆንና ቀጭኔ ባለበት። የቧንቧው ሲሶ ያህል የሚያልፈው በቪክቶሪያ ሐይቅ ተፋሰስ ነው። ከዚያ ሐይቅ የሚወጣው ነጭ አባይ ነው፤ በዙሪያው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ይኖራል። የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ደግሞ ነዳጁ በ25 ዓመት ወጥቶ ተጓጉዞ ሲቃጠል 379 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ይለቃል ብለው ገምተዋል። ድርቅ የሚመታው ማንን ነው? ቦረናን፣ ቱርካናን፣ ሶማሌን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ካምፓላ ውስጥ በሰላም ተቃውሞ የወጡ ተማሪዎች በተደጋጋሚ ታስረዋል። የሚጠቅመን ሥራ ከሆነ ጥያቄ የጠየቀ ልጅ ለምን ይታሰራል?

---

ሰንደቅ

የአውሮፓ ፓርላማ በመስከረም 2022 ቧንቧውን የሚያወግዝ የውሳኔ ሐሳብ አጸደቀ። በዚያው ዓመት አውሮፓ የሩሲያ ጋዝ ሲቋረጥባት የድንጋይ ከሰል ጣቢያዎቿን መልሳ እየከፈተች፣ አፍሪካ ውስጥ ጋዝ ፍለጋ መልእክተኛ እየላከች ነበር። ኖርዌይ በነዳጅ ከብራ ለዩጋንዳ «ፀሐይ ይበቃሻል» ይባላል። ይህን ግፍ ሳይናገሩ ስለ ካርቦን ማውራት ለእኔ አይዋጥልኝም። ከሰሃራ በታች ያለው ሕዝብ እስካሁን ለከባቢ አየር ያበረከተው ካርቦን እጅግ ትንሽ መሆኑን ማንም አይክድም።

---

አረንጓዴ_ተስፋ

ሰንደቅ፣ ስለ አውሮፓ ያልከው እውነት ነው፤ አልከራከርህም። ግን የአውሮፓ ጥፋት ነዳጁ በሚወጣበት በቡሊሳ ላለው ገበሬ ምን ይሠራለታል? ነዳጁን የሚወስደው ቶታል እኮ ራሱ የአውሮፓ ኩባንያ ነው።

---

ቀዝቃዛው_አገር

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። እዚህም የነዳጅ ቧንቧ ሲያጨቃጭቅ ኖሯል፤ «ላይን 3» የሚባለው ታድሶ በ2021 ሥራ ሲጀምር ብዙ ሰው፣ በተለይ የአገሬው ነባር ሕዝብ፣ ተቃውሞ ታስሯል። እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት በ2010 ሚሺጋን ውስጥ ካላማዙ ወንዝ አጠገብ የሆነውን ነው። የዚያ ቧንቧ ባለቤት ይኸው የላይን 3 ኩባንያ፣ ኤንብሪጅ ነው።

ቧንቧው ማታ ላይ ተሰነጠቀ። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ማስጠንቀቂያ ደወል ደጋግሞ ደረሰው። ሠራተኞቹ ግን ግፊቱ የወረደው በሌላ ምክንያት ነው ብለው ፓምፑን እንደገና አስነሡት፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ፍሳሹ መኖሩ የታወቀው ከ17 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያሳወቀውም የራሱ የኩባንያው መሣሪያ ሳይሆን የሌላ የጋዝ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ከ3 ሚሊዮን ሊትር በላይ ፈሰሰ። ድፍድፉ ከባድ ስለነበር ከወንዙ ሥር ሰጠመ፤ ጽዳቱ ዓመታት ወሰደ፣ ወጪው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር አለፈ።

ይህ የሆነው ጠንካራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ነፃ ፍርድ ቤትና ሀብታም መድን ባለበት አገር ነው። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ አንድ ነው። ሌሊት ታንዛኒያ ገጠር ውስጥ ደወሉ ቢጮህ፣ ቧንቧውን የመዝጋት ሥልጣን ያለው ሰው ማን ነው? የኩባንያውን ኪሳራ ሳይፈራ ሊዘጋው ይችላል? ፍሳሹን የሚያጣራውና ቅጣት የሚጥለው ከኩባንያው ነፃ የሆነ አካል ነው? የታንዛኒያ መንግሥት ባለድርሻም ተቆጣጣሪም ነው።

ለፍትሐዊነት ስል ይህንንም ልጻፍ። ካናዳ ውስጥ በ2013 ድፍድፍ የጫነ ባቡር ላክ ሜጋንቲክ የምትባል ከተማ መሐል ፈንድቶ 47 ሰው ገድሏል። ጋሼ ስለ ቦቴ ያሉት ለባቡርም ይሠራል።

---

ጁባ_ሰባት_ዓመት

የካምፓላው «ቫልቩ በማን እጅ ነው» ብሎ ሲጽፍ ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጁባ ሆቴል ውስጥ ሠርቻለሁ። አንድ ቧንቧ አንድን አገር እንዴት እንደሚያንቅ ያየሁት እዚያ ነው።

ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2011 ነፃ ስትወጣ የነዳጁን አብዛኛውን ይዛ ወጣች፤ ቧንቧው፣ ማጣሪያውና ወደቡ ግን ሰሜን ቀረ። የመንግሥቱ ገቢ 98 በመቶ ከነዳጅ ነበር። ካርቱም ለማስተላለፊያው በበርሜል 36 ዶላር ጠየቀች፤ ጁባ ከአንድ ዶላር በታች አቀረበች። ይህን ልዩነት አስቡት። ካርቱም ክፍያዬን ነው ብላ ነዳጁን በዓይነት መውሰድ ጀመረች፤ ጁባ «815 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ነዳጅ ሰረቃችሁኝ» ብላ በጥር 2012 ጉድጓዶቿን ራሷ ዘጋች። በቀን 350,000 በርሜል ገደማ በአንድ ጊዜ ቆመ። የገዛ ጉሮሮዋን ነው የያዘችው። በጀት ተቆረጠ፣ ገንዘቡ ወደቀ፣ ድንበሩ ላይ ጦርነት ተነሣ።

ድርድሩ የተደረገው አዲስ አበባ ነበር፤ በአፍሪካ ኅብረት ስም የቀድሞው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ እየመሩት። መስከረም 2012 ላይ ተፈራረሙ፦ እንደየቧንቧው 24 ዶላር ከ10 ሳንቲም ወይም 26 ዶላር በበርሜል። ከዚህ ውስጥ 15 ዶላሩ የማስተላለፊያ ዋጋ አልነበረም፤ ሰሜኑ በመገንጠሉ ላጣው ገቢ ማካካሻ ነው፣ በድምሩ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። እንዲያም ሆኖ ነዳጁ እንደገና መፍሰስ የጀመረው በሚያዝያ 2013 ነው።

አሁን ደግሞ የሱዳን ጦርነት። መካኒካል ስለ መርጋት የጻፈው በየካቲት 2024 በእውን ሆኗል። ጦርነት ባለበት ቀጠና ፓምፕ ጣቢያዎቹ ናፍጣ አጡ፣ ድፍድፉ ረጋ፣ ትልቁ መስመር ተሰነጠቀ። ካርቱም ነዳጁን ማስተላለፍ ከአቅሜ በላይ ነው ብላ አወጀች፤ ያንን አዋጅ ያነሣችው በጥር 2025 ነው። ያን ዓመት ጁባ ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች ስንት ወር ያለ ደመወዝ እንደቆዩ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ስለዚህ ዩጋንዳ 1,147 ኪሎ ሜትሩን በሌላ አገር ስታስቀምጥ ዛሬ ከዳሬሰላም ጋር ያላትን ፍቅር ብቻ አትቁጠር። ቧንቧው 25 ዓመት ይኖራል። መንግሥታት ይለወጣሉ።

---

የካምፓላው

ጁባ_ሰባት_ዓመት፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ዩጋንዳ አንድ ነገር ከዚህ የተማረች ይመስለኛል፦ የማስተላለፊያው ዋጋ በበርሜል 12 ዶላር ከ77 ሳንቲም ተብሎ ግንባታው ሳይጀመር ተወስኗል። ታንዛኒያም ባለድርሻ ስለሆነች ቫልቩን ብትዘጋ የራሷን ገቢም ትዘጋለች። ሱዳን እንዲህ ያለ ውል አልነበረም፤ ቧንቧው የተሠራው አገሪቱ አንድ ሳለች ነው።

ግን ዋጋው ከሌላ ጎን ያሳስበኛል። የነዳጅ ዋጋ ወደ 50 ዶላር ቢወርድ የማስተላለፊያው 12.77 አብሮት አይወርድም። በላዩ የማውጫ ወጪና የብድር ወለድ አለ። ግምቱ መጀመሪያ 3.5 ቢሊዮን ዶላር የነበረው ቧንቧ አሁን ከ5 ቢሊዮን አልፏል፤ ታላላቅ የምዕራብ ባንኮች አናበድርም ስላሉ ገንዘቡ ከሌላ መፈለግ ነበረበት። በመጋቢት 2025 የመጀመሪያውን የውጭ ብድር የሰጡት አፍሬክሲም ባንክ፣ ስታንዳርድ ባንክና ሌሎች የአካባቢው ባንኮች ናቸው። የቧንቧው ኩባንያ ደግሞ ለአሥር ዓመት ከገቢ ግብር ነፃ ተደርጓል። ታዲያ ዋጋው ሲወርድ መጀመሪያ የሚጎዳው የማን ድርሻ ነው? የሕዝቡ።

---

የኢኮኖሚ_መምህር

ገንዘቡ ከገባ በኋላስ? ከቻድ የተሻለ ምሳሌ የለም። ከዶባ እስከ ካሜሩኑ ክሪቢ 1,070 ኪሎ ሜትር ቧንቧ በዓለም ባንክ ድጋፍ ተሠራ፤ ነዳጁ በ2003 ፈሰሰ። ባንኩ ድጋፉን የሰጠው ቻድ በ1999 ባወጣችው ሕግ ተማምኖ ነው። ሕጉ አብዛኛውን ገቢ ለትምህርት፣ ለጤናና ለገጠር ልማት መደበ፤ አንድ አሥረኛውን ለመጪው ትውልድ አስቀመጠ፤ የሲቪል ማኅበራት ተወካዮች ያሉበት ተቆጣጣሪ ኮሚቴም አቋቋመ። በወረቀት ላይ ከዚያ የተሻለ አይገኝም ነበር።

ሁለት ዓመት ከምናምን ቆየ። አማፅያን ሲጠናከሩ የኢድሪስ ዴቢ መንግሥት ሕጉን አሻሻለ፤ የመጪው ትውልድ ፈንድ ተሰረዘ፤ «ጸጥታ» ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ዘርፎች ተርታ ገባ። ባንኩ ገንዘብ አገደ፣ ተደራደረ፣ በ2008 ቻድ ብድሯን ከፍላ አሰናበተችው። ነዳጁ አንዴ ከፈሰሰ በኋላ ባንኩ ምን በእጁ ቀረው? የመደራደር አቅም ያለው የመጀመሪያው በርሜል ከመውጣቱ በፊት ነው። ካሳ የሚጠብቁት ገበሬዎችም እንዲሁ፤ መሬታቸውን ከለቀቁ በኋላ ማን ይሰማቸዋል?

ለንጽጽር የአላስካን ተመልከቱ። ቧንቧው በ1977 ሥራ ሳይጀምር አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1976፣ የነዳጅ ገቢው ክፍል የሚቀመጥበት ፈንድ በሕገ መንግሥት ተደነገገ። ዛሬም ነዋሪው በየዓመቱ ክፍያ ያገኛል። ፈንዱን ለመሰረዝ የሕዝብ ድምፅ ስለሚያስፈልግ ማንም ገዥ ብቻውን ሊሰርዘው አልቻለም።

---

ሰንደቅ

መምህር፣ አላስካ ከጀርባዋ ዋሽንግተን አለች። ቻድ ከጀርባዋ ማን ነበራት? አማፅያኑ እኮ በ2006ም በ2008ም ንጃሜና ድረስ ገብተዋል። የተኩስ ድምፅ እየሰማ ለትምህርት ቤት የሚመድብ መንግሥት አሳዩኝ።

---

የኢኮኖሚ_መምህር

ትክክል ነህ፤ ለዚህም ነው ሕጉ ከመንግሥቱ ጭንቀት የሚበረታ መሠረት ላይ መቆም የነበረበት። ዩጋንዳ በ2020፣ ታንዛኒያ ደግሞ በ2009 የማዕድንና የነዳጅ ገቢን ግልጽ ለማድረግ የተቋቋመውን ዓለም አቀፍ ማኅበር ተቀላቅለዋል። ጥሩ ጅምር ነው። ገቢውን የሚያሳትም መንግሥት ቁጥሩን አይቶ ለመሞገት የሚነሣውን ዜጋ ካሰረ ግን ኅትመቱ ለማን ነው? አረንጓዴ_ተስፋ ስለ ተማሪዎቹ ያነሣችው ጥያቄ የአየር ንብረት ብቻ አይደለም፤ የገንዘብም ነው።

---

ጠያቂ

እኛ ጋስ? ኢትዮጵያ ከዚህ ሁሉ የት ናት?

---

ጁባ_ሰባት_ዓመት

መጋቢት 2012 ላይ መለስ ዜናዊ፣ የኬንያው ምዋይ ኪባኪና የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር ኬንያ ውስጥ ላሙ ላይ ተገናኝተው አዲስ ወደብ፣ መንገድ፣ ባቡርና የነዳጅ ቧንቧ ያለውን ዕቅድ አስጀምረው ነበር። ጁባ ከሰሜኑ ቧንቧ ለመላቀቅ ያን ያህል ቸኩላ ነበር። ወደቡ በ2021 የመጀመሪያ መርከቦቹን ተቀበለ። ቧንቧው አልተሠራም።

---

መካኒካል_08

ከጅቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የተጣራ ነዳጅ ቧንቧ ሊሠራ በ2015 ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ እሱም ወረቀት ላይ ቀረ። በ2018 ሶማሌ ክልል ውስጥ ድፍድፍ በሙከራ ሲወጣ የነበረውን ደስታ ታስታውሳላችሁ። በ2019 ደግሞ የኦጋዴንን ጋዝ ወደ ጅቡቲ የሚወስድ 767 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ላይ ከጅቡቲ ጋር ተፈራርመናል። ጋዝ አይረጋም፤ የማስተላለፊያ ክፍያው ጥያቄ ግን ያው ነው። በእኛ በኩል ቧንቧው የሚያልፈው በአርብቶ አደር መሬት ነው። የአርብቶ አደር ካሳ እንዴት ይሰላል? ቡና የለውም የሚቆጠር፤ ያለው የግጦሽ መንገድና የውኃ ጉድጓድ ነው። ይህ ከመቆፈሩ በፊት ካልተጻፈ በኋላ አይጻፍም።

---

የጋላፊ_መንገደኛ

ልጄ፣ ይህን ያነሣኸው በጣም ጥሩ ነው። በአፋር በኩል ስናልፍ የግመል መንገድ የት እንደሆነ እኛ ሾፌሮቹ እናውቃለን፤ ካርታ ላይ ግን የለም። መንገዱ ሲሰፋ የግመሎቹን ማለፊያ የጠየቀ አላየሁም። ቧንቧ ቀያሾች ሲመጡ ከእረኛው ጋር አብረው ይሂዱ።

---

አረንጓዴ_ተስፋ

እስከ መጨረሻው ተቃዋሚ ነኝ፤ ይህ ውይይት አላስለወጠኝም። ከተመረተ ዘንድ ግን ከካምፓላው ጋር የምስማማበት ነገር አለ። የመጀመሪያው መርከብ ታንጋ ላይ ከመጫኑ በፊት ካሳው ያልተጠናቀቀላቸው ቤተሰቦች ዝርዝር በየቀበሌው ይለጠፍ፤ በዘገየው ጊዜ ልክም ጭማሪ ይከፈል። ለዚህ ዘመቻ አብሬህ እፈርማለሁ።

---

የካምፓላው

ተቀብያለሁ። ከታንዛኒያ በኩል ሲንጊዳና ንዜጋ አካባቢ የሚኖር ወይም የሚሠራ የአገር ልጅ እዚህ ካለ እባክህ ጻፍልኝ፤ የዩጋንዳውን በዓይኔ አይቻለሁ፣ የዚያኛውን ወገን ገበሬ የሚናገርልኝ እፈልጋለሁ። ቀዝቃዛው_አገር ያነሣውን የቫልቭ ጥያቄ ደግሞ ራሱን አስችዬ በአዲስ ርዕስ እከፍተዋለሁ፤ መካኒካል፣ በፓምፕ ጣቢያዎቹ መካከል ያሉት መዝጊያዎች ከርቀት እንዴት እንደሚሠሩ በዚያ ላይ እንድትጽፍልን እለምንሃለሁ።